ጌሾው የት አለ?

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጉለሌ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠጅ ጥለው ሸጠዋል፤ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ጠጅ ቤቱን ዘግተው ለበዓልና ለዘመድ ብቻ ይጥላሉ። እኔ ደግሞ ሚላኖ ውስጥ አንድ ባር ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሁለታችንም ሰው እያጠጣን ነው እንጀራችንን የበላነው፤ ስለ ሙያችን ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ለዕረፍት ስመጣ አንድ ካምፓሪና አንድ ቀይ ቬርሙት በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ጂኑን እዚሁ ገዛሁ፤ ባሮ ጂን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ ሦስቱን ጠርሙስ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ።

እትዬ፦ ይኼ ቀዩ ምንድን ነው? የሳል ሽሮፕ ይመስላል።

እኔ፦ ካምፓሪ ይባላል። ይቅመሱት እስቲ፣ ጠብታ ብቻ።

እትዬ፦ (በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ) ኧረ በስመ አብ! ኮሶ ነው እንዴ ያመጣህልኝ? ባሕር አቋርጠህ ኮሶ?

እኔ፦ ብቻውን ስለቀመሱት ነው እትዬ። ጌሾ ብቻውን ቢያኝኩት ምን ይላል?

እትዬ፦ ጌሾን ማን ያኝከዋል? ጌሾ ከማር ጋር ነው።

እኔ፦ ይኸም ብቻውን አይደለም። ማሩ ይኼኛው ነው፤ ቬርሙቱ።

እትዬ፦ (ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው እያዩ) ይኼንንስ አውቀዋለሁ። ማርቲኒ የሚሉት አይደለም? ድሮ ሰርግ ላይ ለሴቶች ተብሎ ይቀርብ ነበር። አያሰክርም ይሉን ነበር፤ ውሸታቸውን ነው።

እኔ፦ ማርቲኒ ከቬርሙት ሠሪዎቹ የአንዱ ስም ነው። የሚያደናግረው ማርቲኒ የሚባል ኮክቴልም መኖሩ ነው፤ ጂንና ደረቅ ቬርሙት። አሜሪካዊ መጥቶ ማርቲኒ ሲለኝ ኮክቴሉን ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ማርቲኒ ሲለኝ ደግሞ ይኼን ጠርሙስ ነው። ሳልጠይቅ ቀድቼ ስንቴ ተሳስቻለሁ።

እትዬ፦ ምን ይገባበታል ታዲያ?

እኔ፦ ወይን ነው። በአውሮፓ ሕግ ከመቶ ቢያንስ 75 እጁ ወይን መሆን አለበት። ወይኑ እንዲበረታ ትንሽ አልኮል ይጨመርበታል፣ ስኳር ይገባል፣ ከዚያ ቅጠሉና ሥራ ሥሩ ጣዕሙን ይሰጡታል። ቶሪኖ የምትባል ከተማ ውስጥ አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ የሚባል ሰው በፈረንጅ 1786 መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ቶሪኖ የቬርሙት አገር ሆና ቀረች። ከቅጠሎቹ ሁሉ የማይቀር አንድ አለ፤ የመጠጡ ስም ራሱ ከሱ የመጣ ነው። ጀርመኖች ቬርሙት የሚሉት መራራ ተክል ነው፤ ቅጠሉ አመድማ፣ ሽታው ኃይለኛ። እሱ ወይም ከወገኖቹ አንዱ ካልገባበት ቬርሙት ብሎ መሸጥ አይቻልም።

እትዬ፦ ሽታው ምን ዓይነት ነው?

እኔ፦ እርስዎ ያውቁታል። አጥርዎ ሥር አለ።

(እትዬ ወጥተው አሪቲ ቀንጥበው ተመለሱ። በመዳፋቸው አሹት። መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ የጠርሙሱን አፍ፣ እንደገና መዳፋቸውን አሸተቱ።)

እትዬ፦ አሪቲ!

እኔ፦ ራሱ አይደለም፤ የአጎቱ ልጅ ይበሉት።

እትዬ፦ እኔ ለበዓል ከቄጠማው ጋር እጎዘጉዘዋለሁ፣ እነሱ ይጠጡታል። ቆይ ግን፣ እናቴ ሆዳችንን ሲቆርጠን ጨምቃ ታጠጣን ነበር። እና እኛም ጠጥተነዋል ማለት ነው።

እኔ፦ እነሱም የጀመሩት ለሆድ ብለው ነው። ሲጣፍጣቸው ጊዜ መድኃኒትነቱን ረሱት።

እትዬ፦ እንዲያ ከሆነ መራራው አለበት። ይኼ ኮሶህ ለምን አስፈለገ?

እኔ፦ ቬርሙቱ ላይ ጣፋጩ ይቀድማል፣ መራራው ከሥር ይመጣል። እርስዎ ማሩን በውሃ ብቻ በጥብጠው ቢተዉት ምን ይሆናል?

እትዬ፦ ብርዝ ነዋ። የልጅ መጠጥ።

እኔ፦ ይኼ ካምፓሪ ጌሾው ነው። ጋስፓሬ ካምፓሪ የሚባል ሰው በ1860 ኖቫራ ውስጥ ቀመመው፤ በኋላ ሚላኖ ገብቶ ትልቁ ካቴድራል አጠገብ ካፌ ከፈተ። ልጁም በ1915 እዚያው ጋለሪያ የሚባለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ካምፓሪኖ የሚባለውን ባር ከፈተ፤ ዛሬም አለ። ምን ምን እንደሚገባበት እስካሁን ምስጢር ነው።

እትዬ፦ ይኼ ቅላቱስ? እግዜር የሰጠው ቀለም አይመስልም።

እኔ፦ የሰጠውስ እግዜር ነበር። እስከ 2006 ድረስ ቀለሙ የሚወጣው ከተባይ ነበር፤ በለስ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ነጭ ዱቄት የምትመስል ተባይ። ሲጨፈልቋት ደም የመሰለ ቀይ ይወጣታል።

እትዬ፦ ትግራይ በለሱን የጨረሰው?

እኔ፦ ያው እሱ! ለቀለም ተብሎ ገብቶ ነው ከእጅ ያመለጠው። አሁን ካምፓሪው በአብዛኛው አገር በሌላ ቀለም ነው የሚሠራው።

እትዬ፦ ታዲያ እስከዚያ ድረስ ጾም ላይ የጠጣ ሁሉ ፈስኳል በለኛ። (ሳቁ) እሺ፣ ጂኑስ? ጂን አረቄ ነው፤ እሱን አታስተምረኝም።

እኔ፦ ዳግም አረቄ ነው። መጀመሪያ ከእህል ንጹሑን አልኮል ያወጡታል። ቀጥሎ የጥድ ፍሬ ይጨምሩበትና ዳግም ያወጡታል። ጥዱ የኛ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድ ወገን ነው፤ የነሱ ግን አጠር ያለ ቁጥቋጦ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚጠቁር። ከጥዱ ቀጥሎ አብዛኛው ጂን ውስጥ የማይቀረው ምን መሰለዎ? ድንብላል።

እትዬ፦ የበርበሬው ድንብላል?

እኔ፦ ያው የበርበሬው።

እትዬ፦ (አሽትተው) ጥዱ መጥቷል። ድንብላሉ የለም።

እኔ፦ መዳፍዎ ላይ ጠብታ ያድርጉና ይሹት። አልኮሉ ሲተንን የሚቀረውን ያሽቱ። በዚያኛው እጅዎ፤ ይኼኛው አሪቲ ነክቷል።

እትዬ፦ (ዝም ብለው ቆዩ) ሎሚ ሎሚ የሚለው ነው?

እኔ፦ እሱ ነው።

እትዬ፦ ጥሩ አፍንጫ ነበረኝ። አሁን ደክሟል።

(ለሚላኖ ባልደረቦቼ ይኼን ለማስተማር ወራት ይፈጃል፤ ለሳቸው አልነገርኳቸውም።)

እኔ፦ አሁን በረዶ ያስፈልገናል።

እትዬ፦ ፍሪጅ ውስጥ አለልህ።

እኔ፦ አየሁት። ሥጋና አዋዜ ይሸታል። ትናንት ማታ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስገብቼ ነበር፤ ደግነቱ መብራት አልሄደም። ፎጣና ዘነዘና ይስጡኝ።

(በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ በዘነዘናው ሁለቴ መታሁት። የልጅ ጡጫ የሚያህሉ አራት ቁርጥራጭ ወጡ። ሁለቱን ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ፤ የተረፈውን ደቃቅ እትዬ አበባ ማሰሮው ላይ ደፉት።)

እትዬ፦ ለምን ትልልቁን መረጥከው?

እኔ፦ ደቃቁ ቶሎ ይቀልጣል፤ መጠጡ ሳይቀዘቅዝልኝ ውሃ ይሆንብኛል። ግን ጭራሽ አለመቅለጡም ጥሩ አይደለም። ሰው አራተኛው ውሃ መሆኑን ይረሳል፣ እትዬ። ሦስቱን ጠርሙስ ያውቃል፤ ውሃውን አይቆጥረውም። ስናማስለው በረዶው እየቀለጠ ሙቀቱን ከመጠጡ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜውና ውሃው አብረው ነው የሚመጡት፣ አንዱን ያለ አንዱ ማግኘት አይቻልም። ሩብ ያህል ውሃ ሲገባበት ነው ጂኑ ማቃጠሉን የሚተወው።

እትዬ፦ እሱስ ማር ሲበጠበጥም ውሃው ነው ጠጁን የሚያበላሸው። ደንበኛ ማሩን እያየ ይከፍላል፤ እኔ የምጨነቀው ለውሃው ነበር። የቧንቧው ክሎሪን የበዛበት ቀን አልጥልም። በል፣ ምን ያህል ምን ያህል ነው?

እኔ፦ እኩል እኩል። መለኪያ አለ?

እትዬ፦ የአረቄ መለኪያ ከኔ ቤት ይጠፋል?

(ጂን አንድ መለኪያ፣ ቬርሙት አንድ መለኪያ፣ ካምፓሪ አንድ መለኪያ። እኛ ባር ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ነው የምንለካው፤ የእትዬ መለኪያ ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ለሦስቱም አንድ ከሆነ ግድ የለም። ቀዩ ከቡናማው ጋር ተጠማዝዞ ወርዶ ከበረዶው ሥር ተኛ። ማንኪያውን ጥግ ለጥግ አስገብቼ ቀስ ብዬ ማዞር ጀመርኩ።)

እትዬ፦ እንዲህ ቀስ?

እኔ፦ ቀስ ነው። የሚንጡትም አሉ፤ ሲናጥ አየር ይገባበትና ይደፈርሳል፣ የበረዶ ድቃቂ ይሞላዋል። ሎሚ ያለበትን መጠጥ ነው የምንንጠው። ይኼ ጥርት ብሎ ነው መውረድ ያለበት።

እትዬ፦ እኩል እኩል ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ያ የስንፍና ልክ ነው። የዘንድሮ ጌሾና የአምናው ጌሾ አንድ ዓይነት አይመርም፤ ማሩም እንደ አበባው ነው። እኔ ቀምሼ ነው የምጨምር የምቀንሰው።

እኔ፦ እውነት አለዎት። ካምፓሪው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጂኑና ቬርሙቱ ግን እንደ ሠሪው ይለያያሉ። ልክ ስለሆነ ሳይሆን ስለማይረሳ ነው እኩል እኩሉ ዓለምን ያዳረሰው ባይ ነኝ። ዓርብ ማታ አርባ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲጮህብኝ ሌላ ልክ አላስታውስም።

እትዬ፦ ስሙን ሳትነግረኝ።

እኔ፦ ኔግሮኒ። የሰው ስም ነው ይላሉ። ከዚህ በፊት ሚላኖ ቶሪኖ የሚባል መጠጥ ነበር፤ ካምፓሪው ከሚላኖ፣ ቬርሙቱ ከቶሪኖ። እሱ ላይ ሶዳ ሲጨመር አሜሪካኖ ተባለ። ከዚያ በ1919 ገደማ ፊሬንዜ ውስጥ ካፌ ካሶኒ በሚባል ቤት ካሚሎ ኔግሮኒ የተባለ መኳንንት ባርማኑን ፎስኮ ስካርሴሊን፣ ሶዳውን ተወውና ጂን ጨምርበት አለው ይባላል። ባርማኑም ከሌላው እንዲለይ በሎሚው ፈንታ ብርቱካን አደረገበት። የሚከራከሩም አሉ፤ ሌላ የኔግሮኒ ቤተሰብ መጠጡ የኛ ዘመድ ፈጠራ ነው ይላል።

እትዬ፦ መኳንንቱ አዘዘ እንጂ ምን ሠራ? የሠራው ባርማኑ ነው። ስሙ የወጣው ግን በጌታው።

እኔ፦ እኔም ሁልጊዜ የሚቆጨኝ እሱ ነው። የባርማን ታሪክ ከፈለጉ ሚላኖ ባር ባሶ የሚባል ቤት አለ። በ1970ዎቹ ሚርኮ ስቶኬቶ የሚባለው ባለቤቱ ጂን ያነሳሁ ብሎ አረፋ ያለውን ነጭ ወይን ቀዳበት ይባላል። የተሳሳተው ኔግሮኒ ብለው ሰየሙት።

እትዬ፦ ስህተቱን ሸጠው?

እኔ፦ እስካሁን ይሸጡታል። ብርቱካን አለ?

(ብርቱካኑ አረንጓዴነቱ ያለቀቀ ያገር ብርቱካን ነው። ነጩን ሳልነካ ከላይ አውራ ጣት የሚያህል ልጣጭ በቢላዋ አነሳሁ፤ ነጩ ያልተፈለገ ምሬት አለው። በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ብርጭቆው አፍ ላይ አጠፍ ሳደርገው ዘይቱ እንደ ጭስ ብን ሲል ታየ። እትዬ ሳያስቡት ወደፊት ጎንበስ አሉ።)

እኔ፦ ይሞክሩት።

እትዬ፦ (አማትበው ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ምንም ሳይሉ ጠረጴዛ ጨርቁን አስተካከሉ። እንደገና አንስተው ተጎነጩ።) መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይመታል፣ ከዚያ... አፌ ውኃ ሞላ።

እኔ፦ ለዚያ ነው የሚጠጣው። መራራ ምላስ ላይ ሲያርፍ ምራቅ ይመነጫል፣ ጨጓራም ይሰናዳል። አፔሪቲቮ ይሉታል፤ በላቲን መክፈት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከእራት በፊት ሆድ ይከፍታል።

እትዬ፦ እዚህ ላይ ነው የምጣላህ። በባዶ ሆድ መጠጥ? እኔ ጠጅ ቤቴ ባዶ ሆዱን የመጣውን ሰው በዓይኑ ነበር የማውቀው። ሁለተኛውን ብርሌ ሳልሰጠው መጀመሪያ ቁራሽ እንጀራ አስቀምስ ነበር። ሆድ የሚከፍት ምግብ ነው፤ መጠጥ አእምሮ ነው የሚከፍተው፣ በሩንም መልሶ አይዘጋውም።

እኔ፦ እነሱም በባዶ ሆድ አይሰጡም እትዬ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ የወጣው ሁሉ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሲጠጣ፣ የወይራ ፍሬው፣ የድንች ጥብሱ፣ ለውዙ ሳይታዘዝ ይቀርባል። አንዱን ብርጭቆ አንድ ሰዓት ሙሉ ያቆዩታል። ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ለእራት ይሄዳሉ።

እትዬ፦ ሁሉም?

እኔ፦ ሁሉም አይደለም።

እትዬ፦ እኮ። ይኼ ብርጭቆ ስንት ቢራ ይሆናል? እውነቱን ንገረኝ።

እኔ፦ (በ30 ሚሊ ሊትር አስልቼ) ጂኑ 40 ከመቶ ቢሆን 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል። ካምፓሪው 25 ከመቶ፣ 7 ተኩል። ቬርሙቱ 16 ከመቶ ቢሆን ወደ 5 ይጠጋል። በድምሩ 24 ሚሊ ሊትር ገደማ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 ከመቶ ቢራ 16 ተኩል ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ቢራ ተኩል።

እትዬ፦ በአንድ ጭላፊ ብርጭቆ! ደግሞ ያንተ መለኪያ ከኔ ያንሳል አላልክም?

እኔ፦ ብያለሁ።

እትዬ፦ ሁለት ቢራ በለው እንግዲህ። (ተነስተው ጓዳ ገቡ፤ በሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዘው ተመለሱ፣ ኑግና ሱፍ ጣል ጣል ያለበት።) ይኼን ሳልበላ አልቀጥልም።

(ቆሎ ከኔግሮኒ ጋር በልቼ አላውቅም ነበር። የተቆላው ገብስ ካምፓሪውን አለዘበው፤ ከወይራው ይሻላል፤ ወይራ ጨው ስላለው ሌላ ያስጠማል። ሚላኖ ስመለስ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ አይሰማኝም።)

እትዬ፦ ለኔ ግን ጂኑ በዝቷል። ያ መኳንንት ሳይመጣ በፊት የነበረው ምን ነበር ያልከው?

እኔ፦ አሜሪካኖ። በጂኑ ፈንታ ሶዳ።

እትዬ፦ ሶዳ የለኝም። አምቦ አለ።

(አዲስ ብርጭቆ፤ ካምፓሪ አንድ መለኪያ፣ ቬርሙት አንድ መለኪያ፣ የተረፉት ሁለት በረዶዎች፣ እላዩ ላይ አምቦ ውሃ። አምቦ ከሶዳ ይልቅ ማዕድኑ ያመዝናል፤ አረፋው ገንፍሎ ሮዝ ሆነ። እትዬ ሳይጨማደዱ ጠጡት።)

እትዬ፦ ይኼ መጠጥ ነው። ይኼን ለጎረቤትም ማቅረብ ይቻላል። በጌሾ የሠራሁት የሚመስል ነገር አለው፣ መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሮ አካባቢ።

እኔ፦ ያፈርኩበትን አንድ ነገር ልንገርዎት? የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ በየማታው አንድ ኔግሮኒ የሚጠጣ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ሠርቼ ሰጠሁት፤ ተጎነጨ፤ ብርጭቆውን በአንድ ጣቱ ወደኔ መልሶ ገፋው። ምንም አላለም። እንደገና ሠራሁለት። አሁንም ገፋው። አለቃዬ መጥቶ የቬርሙቱን ጠርሙስ አሸተተና ሳይናገር ገንዳው ውስጥ ደፋው። ጠርሙሱ ክረምቱን ሙሉ ቡና ማሽኑ አጠገብ ተከፍቶ ቆሞ ነበር፤ አረቄ ሳይሆን ወይን መሆኑን ማን ነግሮኝ። አልኮል ስላለበት አይበላሽም ብዬ።

እትዬ፦ ወይን ከሆነማ አየር ነክቶት ይቆማል? የተከፈተ ጋን ጠጅ በስንት ቀኑ ነው የሚኮመጥጠው! ከጣፋጩ ማለቂያ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ አይደል?

እኔ፦ ልክ እንደዚያ። አሁን ከተከፈተ ፍሪጅ ነው የማስቀምጠው፤ አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት። ጂኑና ካምፓሪው ውጭ ቢቆሙ ምንም አይሆኑም።

እትዬ፦ ሽማግሌው ተመለሰ?

እኔ፦ በማግሥቱ። ምንም እንዳልተፈጠረ። ሲሞት ልጁ መጥቶ ነገረን።

እትዬ፦ ነፍሱን ይማር። (ቆሎውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።) ዶሮው ደርሷል፤ ሽታው መጣ። እጅህን ታጠብ።

(ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።)

እትዬ፦ የት ትሄዳለህ? ቬርሙትህ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ቀኑን ሙሉ ስታወራልኝ የዋልከውን ረሳኸው? ስጠኝ ወዲህ። ፍሪጅ ውስጥ ቅቤውን ወደ ታች አወርደዋለሁ። ለፋሲካ እህቶችህ ሲመጡ እኔው ነኝ የምሠራላቸው፤ አንተ አምቦውን ብቻ ግዛልኝ።